ጭሰኛውና ፈጪዋ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከጣርማ በር ወርደህ ደብረ ሲናን ካለፍህ በኋላ ሸዋ ሮቢት ትደርሳለህ። ዙሪያው የይፋት ቆላ፣ የማሽላ አገር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በልጅነቴ ያየሁት የአንድ ባለጸጋ ቤት ሥራ እንዲህ ነበረ።

እርሻው በጭሰኛ ይታረስ ነበር። እኩል አራሹ፣ አሥራት በ1960 ዓ.ም. በሕግ እስኪቀር ድረስ፣ አስቀድሞ አሥራቱን ያወጣል፤ የቀረውን ከጌታው ጋር እኩሌታ ይካፈላል። ከዚህም ሌላ የጌታውን ሁዳድ ያለ ዋጋ ያርሳል፤ ያጭዳል። ማሽላው ባፈራ ጊዜ ልጆች በማማ ላይ ቆመው ከንጋት እስከ ማታ ወፍ በወንጭፍ ይጠብቃሉ። እኔም ጠብቄአለሁ፤ ገመዱ ጣት ይልጣል።

ማጀቱ ግን ሌላ ዓለም ነበረ። እንጀራ ጋጋሪ፣ ወጥ ሠሪ፣ ጠጅ ጣይ፣ ውሃ ቀጂ፣ ወፍጮ ፈጪ አለበት። አክስቴ ፈጪ ነበረች። ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ በወፍጮው ላይ ታጎነብሳለች፤ እንግዳ የመጣ ዕለት እስከ እኩለ ሌሊት ትፈጫለች። ዋጋዋ የዕለት ምግብና በዓመት አንድ ቀሚስ ነበረ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቶ ነበርና ባሪያ የሚላት አልነበረም፤ ነገር ግን ልሂድ ብትል የምትሄድበት አልነበራትም። ጭሰኛ የሚለው ስም ከጭስ የመጣ ነው ይላሉ፤ ጎጆ ቀልሶ እሳት ያነደደ ይቆጠራልና። እርስዋ የምታነድደው የሰው እሳት ስለ ነበረ የራስዋ ጭስ አልነበራትም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር፣ ይኸውም ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ በጉልበቱ ሊያርስ ለሚወድ ሁሉ መሬት እንዲሰጥም አዋጁ ያዝዛል። ለሽማግሌዎቹ ያነበብሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ለዕረፍት የመጣሁ የ15 ዓመት ልጅ ነበርሁና። የገበሬ ማኅበሩ አባላት ሲመዘገቡም ብዕሩን የያዝሁ እኔው ነኝ። ሽማግሌዎቹ የአባወራዎቹን ስም ይጠራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። አክስቴ ለተሰበሰቡት ቆሎና ጠላ እያቀረበች በአጠገቤ አለፈች። ስምዋን ማንም አልጠራም፤ እኔም አላነሣሁም።

ጌቶቹ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ማጀቱ ተዘጋ። አክስቴ ደብረ ሲና ወጥታ በሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር ኖረች። አስተማሪ ሆኜ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤላት በሄድሁ ጊዜ ያን አንቀጽ ነገርኋት። ሊጡን ማቡካት ተወችና፣ «ያን ጊዜ ይህን ታውቅ ነበርን?» አለችኝ።

«አዎን፣ አክስቴ፤ አውቅ ነበር» አልኋት።