ከመጽሔት ገጽ ወደ መቀስ፦ የወረቀት ቅድ ታሪክ

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ብሂል በልብስ ስፌት ሙያ ውስጥ ከምክርነት አልፎ ሕግ ነው። የተሳሳተ ስፌት ተተርትሮ ይታረማል፤ ያለ ቦታው የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። በዚህም የተነሣ ለብዙ ዘመናት የሙያው ምሥጢር ሆኖ የኖረው መስፋቱ ሳይሆን መቅደዱ ነው። ይህ ምሥጢር ከባለሙያው እጅ ወጥቶ በወረቀት ላይ እንዴት እንደ ሠፈረ፣ ከዚያም በመጽሔት አማካይነት ወደ መኖሪያ ቤት እንዴት እንደ ገባ መመርመር ባለሙያው ዛሬም የሚፈለግበትን ምክንያት ለመረዳት ይረዳል።

አይዛክ ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1851 ለስፌት መኪናው የባለቤትነት መብት ካስመዘገበ በኋላ የስፌት ሥራ በእጅጉ ተፋጠነ። ይሁን እንጂ መኪናው የሚሰፋው የተቀደደውን ጨርቅ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ የሴቶች መጽሔቶች የቀሚስ ቅድ ያወጡ የነበረ ቢሆንም፣ ሥዕሉ በአንዲት ገጽ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ነገር ስለ ነበረ አንባቢዋ ራሷ አጉልታ፣ ራሷ ለክታ በልኳ ማስተካከል ነበረባት። ለዚህ ደግሞ ሙያው ያስፈልጋታል፤ ሙያው ያላት ሴት ደግሞ ቀድሞውንም ሥዕሉ ብዙ አያስፈልጋትም ነበር።

ለዚህ ችግር ሁነኛ መፍትሔ ያስገኘው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ነዋሪ የነበረው ልብስ ሰፊ ኤበኔዘር በተሪክ ነው። ሐሳቡ ለልጃቸው ልብስ ትሰፋ ከነበረችው ከሚስቱ ከኤለን እንደ መነጨ ይነገራል። በተሪክ እ.ኤ.አ. በ1863 ለገበያ ያቀረበው ቅድ ከቀደሙት የሚለየው አንዱ ልብስ በተለያየ ልክ ተዘጋጅቶ በመሸጡ ነው። በመጀመሪያ ጠንካራ ወረቀት ሞክሮ ነበር፤ ለማጠፍና በፖስታ ለመላክ ስላስቸገረው ግን ስስ ወረቀት መረጠ። ሥራውን የጀመረው በወንዶችና በልጆች ልብስ ሲሆን፣ ጥቂት ቆይቶ ወደ ሴቶች ቀሚስ ተሻገረ።

እ.ኤ.አ. በ1867 በኒው ዮርክ የተቋቋመው «ሃርፐርስ ባዛር» ደግሞ የበርሊኑን «ዴር ባዛር» አርአያ በመከተል ሌላ ዘዴ ተጠቀመ። ይኸውም የብዙ ልብሶችን ቅድ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ደራርቦ ማተም ነው። አንዱ ልብስ በነጠብጣብ፣ ሌላው በተቆራረጠ መስመር፣ ሦስተኛው በድፍን መስመር ይለያል። ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የተተበተበ ክር እንጂ ልብስ አይታየውም። ሰፊዋ የምትፈልገውን መስመር በዓይኗ ተከትላ በሌላ ወረቀት ላይ ትገለብጣለች፤ በአንዱ መታጠፊያ ላይ ከተሳሳተች እጅጌው ከትከሻው ጋር አይገጥምም።

ይኸው ዘዴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ታደሰ። ኤነ ቡርዳ እ.ኤ.አ. በ1950 «ቡርዳ ሞደን» የተባለውን መጽሔት አቋቋመች፤ ከ1952 ጀምሮም የቅድ ወረቀት በውስጡ ይታጠፍ ጀመር። በወረቀቱ ላይ የስፌት ትርፍ አይጨመርም ነበር። መስመሩን እንደ ተገኘ ይዞ የሚቆርጥ ሰው ልብሱ የሚጠበው በዚህ ምክንያት ነው። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ1987 በሩስያ ቋንቋ በሶቪየት ኅብረት መታተም መጀመሩ የዚህ ወረቀት ተፈላጊነት የፖለቲካ ድንበርንም እንደ ተሻገረ ያመለክታል።

የወረቀቱን አቅምና ወሰን በአንድነት የሚያሳይ ምሳሌ ቢፈለግ እ.ኤ.አ. የ1965ቱ የኢቭ ሳን ሎራን «ሞንድሪያን» ቀሚስ ይገኛል። የሆላንዱን ሠዓሊ የፒት ሞንድሪያንን ሥዕል መነሻ ያደረገው ይህ ቀሚስ፣ ቮግ ለቤት ሰፊዎች ቅዱን ባወጣ ጊዜ ሲያዩት ቀላል ይመስል ነበር፤ እጅጌ የለውም፣ ወገቡ አልተቆረጠም፣ ጌጥም የለበትም። ነገር ግን ቀለማቱ የታተሙ ሳይሆኑ በየራሳቸው ተቆርጠው የተጋጠሙ ቁርጥራጮች ናቸው። የሰው ገላ ጎባጣ ሲሆን መስመሮቹ ቀጥ ማለት አለባቸው። በመሆኑም ለደረትና ለዳሌ የሚያስፈልገው ቅርጽ ሁሉ በጥቁሮቹ መስመሮች መጋጠሚያ ውስጥ ተሸሽጓል። በእያንዳንዱ ስፌት 2 ሚሊሜትር ብቻ የሚስት ሰው በስድስት ስፌት 12 ሚሊሜትር ያጣል፤ መስመሩም ተጣሞ ሥዕሉ ይፈርሳል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የወረቀት ቅድ የሙያውን ምሥጢር ለሕዝብ አካፈለ፤ ብዙ እናቶችም በአቅማቸው ቤተ ሰባቸውን እንዲያለብሱ አስቻለ። ይህን እንደ ጥቃት የሚቆጥር ባለሙያ ቢኖር ተሳስቷል። ወረቀቱ የሚያውቀው አማካይ ገላን ብቻ ነው፤ አንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ማለቱን፣ የጨርቁን መለጠጥና መክበድ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው፣ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ቆም ብሎ ባለቤቷን የሚመለከት ዓይንና ጨርቁን የሚዳስስ እጅ ነው። ወረቀቱ የቱን ያህል ቢሻሻል፣ አሥር ጊዜ የመለካቱ ግዴታ በሰፊው ላይ እንዳለ ነው።