የማሽላ የድርቅ ምላሽ

የማሽላ የድርቅ ምላሽ የሚባለው የማሽላ ተክል የአፈር እርጥበት ሲያጥረው በሆርሞኖች አማካይነት አንዳንድ ጂኖቹን የሚያበራበት፣ ሌሎቹን የሚያጠፋበት ሂደት ነው። ጂን ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ ነው። በተክሉ ሴሎች ሁሉ ውስጥ ቢኖርም ሁልጊዜ አይነበብም፤ መነበብ ሲጀምር «በራ»፣ ሲያቆም «ጠፋ» ይባላል። ማሽላ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የለመደ እህል ሲሆን ኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ዓይነቶቹ ከሚገኙባቸው አገሮች አንዷ ናት። በሰሜን ወሎ ዞን፣ በተለይም በሀብሩና በቆቦ ቆላማ ቀበሌዎች፣ ከዋና ዋና የምግብ እህሎች አንዱ ነው።

የሀብሩ ዝናብና ማሽላ

የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ናት። ከመርሳ ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ በማሽላ ላይ ረጅም ጊዜ የሠራ ሲሆን ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል ግራና-1፣ ምስክርና ሆርማት ይጠቀሳሉ። ግራና በዚያው በሀብሩ የሚገኝ ቦታ ስም ነው።

በአካባቢው እንደ ደጋሊትና ጅጉርቴ ያሉ ነባር ዓይነቶች በሚያዝያ ዝናብ ተዘርተው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ማሳ ላይ ይቆያሉ። የሚያዝያው ዝናብ ከቀረ ገበሬው ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ለመዝራት ክረምቱን ይጠብቃል። የከፋው ግን ክረምቱ ቀድሞ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ማሽላው የሚያብበውና ፍሬ የሚሞላው ዝናቡ ካቋረጠ በኋላ በአፈሩ ውስጥ በተረፈው እርጥበት ብቻ ይሆናል። ወሎን ክፉኛ የጎዱት የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃቦች፣ እንዲሁም የ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞ ድርቅ የመጡት ከዝናብ መቅረት ጋር ተያይዘው ነው። ረሃቡን ረሃብ ያደረገው ዝናቡ ብቻ አልነበረም፤ ይህ ግን የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

ጂኑ እንዴት ይበራል

አፈሩ ሲደርቅ የተክሉ ሴሎች ውሃ ያጡና ውስጣዊ ግፊታቸው ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን በብዛት መመረት ይጀምራል። ይህ ሆርሞን የሚሠራው ካሮትን ብርቱካናማ ከሚያደርጉት ቀለሞች ወገን ከሆኑ ንጥረ ነገሮች ነው።

እርጥበት በበቂ ሁኔታ ባለበት ጊዜ ለድርቅ የሚያስፈልጉት ጂኖች ጠፍተው ይቆያሉ፤ የሚያበራቸው ኢንዛይም በሌላ ፕሮቲን ተይዟልና። ያዡ ፕሮቲን እንደ ፍሬን ይቆጠራል። አብሲሲክ አሲድ ሲመጣ ከተቀባዩ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ ሁለቱ ተጣምረው ፍሬኑን ይይዙታል፣ ኢንዛይሙም ነፃ ይወጣል። ነፃ የወጣው ኢንዛይም በዲ.ኤን.ኤ. ላይ የሚያርፉ ማብሪያ ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳል። እነዚህ በጂኑ መግቢያ ላይ «ኤ-ሲ-ጂ-ቲ» የሚሉትን ፊደላት የያዘ አጭር ምልክት ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ጂኑም ይነበባል። ተቀባዩ ፕሮቲን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን ጥናቱ የተካሄደው አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ የጎመን ዘመድ ላይ ነው። ዋናው አሠራር በማሽላም ተመሳሳይ ነው።

ከሚበሩት ጂኖች አንዳንዶቹ የሴል ፕሮቲኖች በውሃ እጦት እንዳይበላሹ የሚጠብቁ ፕሮቲኖችን ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ሴሉ ውሃ እንዲይዝ የሚረዳውን ፕሮሊን ያበዛሉ። በዚህ መንገድ የማያልፉም አሉ። ድሬብ በመባል የሚታወቁት ማብሪያ ፕሮቲኖች ያለ አብሲሲክ አሲድ ሌላ ምልክት ላይ አርፈው ጂን ያበራሉ፤ ሁለቱንም ምልክቶች በመግቢያቸው የያዙ ጂኖች ከሁለቱም ወገን ትእዛዝ ይቀበላሉ። ስለዚህ «ድርቅ የሚቋቋመው ጂን» ተብሎ በነጠላ የሚነገርለት ጂን የለም።

የቅጠሉ የአየር ቀዳዳዎች መዘጋት ከዚህ ይለያል። እሱ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሆን ነው፤ ጂን ተነቦ ፕሮቲን እስኪሠራ አይጠብቅም። ከፍሬኑ የተለቀቀው ያው ኢንዛይም በቀዳዳው ጠባቂ ሴሎች ያሉትን የጨው መተላለፊያዎች ይከፍታል፣ ሴሎቹ ይሟሽሻሉ፣ ቀዳዳው ይዘጋል። ውሃ ይቆጠባል፤ ነገር ግን በዚያው ቀዳዳ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለሚቀር ተክሉ ምግብ መሥራቱን ይቀንሳል። ፍሬ በሚሞላበት ሰሞን ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ቀዳዳ ተክሉን ቢያድንም እሸቱን ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

ለምለም ሆኖ መቆየት

አንዳንድ ማሽላዎች ካበቡ በኋላ ድርቅ ቢመጣም ቅጠላቸው አይደርቅም፣ አገዳቸውም በቀላሉ አይወድቅም። በዓለም ላይ በዚህ ጠባይ ይበልጥ የተጠናው ቢቲኤክስ642 የተባለው መሥመር የተገኘው ከኢትዮጵያ የዱራ ማሽላ ነው። ጠባዩን የሚወስኑ አራት ዋና የክሮሞሶም ቦታዎች ተለይተዋል። ሰፊ ጥናት የተካሄደባቸው በአውስትራሊያና በአሜሪካ ነው።

ምስጢሩ ግን ድርቁ ከመጣ በኋላ የሚበራ ጂን ብቻ አይደለም። እነዚህ ማሽላዎች ገና ሳያብቡ ቅርንጫፋቸውን ያሳንሳሉ፣ የቅጠላቸውን ስፋት ይገድባሉ፤ በዚህም ለፍሬው ጊዜ የሚሆን ውሃ በአፈሩ ውስጥ ይተርፋል። የወሎ ገበሬ በሽልሻሎ የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ በበቀለው ማሽላ መካከል ሲታረስ ቡቃያው ይሳሳል፣ ዝናቡም ወደ አፈሩ ይሰርጋል።

አቀንጭራና ሆርሞን

በሰሜን ወሎ የማሽላ ሁለተኛው ጠላት አቀንጭራ ነው። የማሽላ ሥር ስትሪጎላክቶን የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ አፈር ያመነጫል፤ ፎስፈረስ ባነሰው መሬት መጠናቸው ይጨምራል። ለማሽላው ጥቅማቸው ከሥሩ ጋር የሚተባበሩ ፈንገሶችን መጥራት ነው። ሆኖም የአቀንጭራ ዘር ለዓመታት በአፈር ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቀው ይህንኑ ጥሪ ነው። ኤልጂኤስ1 የተባለው ጂን የጎደላቸው ማሽላዎች የሚያመነጩት የስትሪጎላክቶን ዓይነት ስለሚለወጥ የአቀንጭራው ዘር ብዙም አይበቅልም። ይህ ጂን እ.ኤ.አ. በ2017 የተለየው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ እጀታ በመሩት የምርምር ቡድን ነው። እሳቸው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎችን በማዳቀል ሥራቸው የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመዋል። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የመጡት ከዚሁ ሥራ ነው።

አቀንጭራ ራሱ ለአብሲሲክ አሲድ ደንታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከላይ ፍሬን የተባለው ፕሮቲኑ ስለተለወጠ ሆርሞኑ ሊይዘው አይችልም። ማሽላው ቀዳዳውን ዘግቶ ውሃ ሲቆጥብ አቀንጭራው ቀዳዳውን ከፍቶ ውሃውን ከማሽላው ሥር መሳቡን ይቀጥላል። ድርቅና አቀንጭራ በአንድ ማሳ ሲገናኙ ጉዳቱ የሚከፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።