«ማህበረ ፖለቲካዊ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

 

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው በጋዜጣም ሆነ በውይይት መድረክ ደጋግመን የምንሰማውን «ማህበረ ፖለቲካዊ» የተሰኘ ቃል ነው። «ማህበር» አብሮ መኖርንና መረዳዳትን ያመለክታል። «ፖለቲካ» ደግሞ ከግሪክ ቋንቋ የመነጨ ሲሆን አገር የሚተዳደርበትን ሥርዓት ይመለከታል። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን «ይህም ያም» ማለት ብቻ አይደለም። የሕዝብ ኑሮና የመንግሥት ሕግ ተሳስረው፣ አንዱን ያለ ሌላው መረዳት የማይቻልበትን ጉዳይ ይገልጻል።

ከራሳችን ታሪክ ምሳሌ እንውሰድ። በንጉሡ ዘመን ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ ይጠራ ነበር። አነጋገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ስህተት ያለበት አይመስልም፤ መኖርማ ይኖራል። ነገር ግን እንግዳም በሰው ቤት ይኖራል! ስያሜው ሙስሊሙን የአገሩ እንግዳ ያደርገዋል። ከስያሜው ጀርባ ደግሞ ሕግ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጓል። የሙስሊሙ በዓላትም ብሔራዊ በዓላት አልነበሩም።

ለመሆኑ የዒድ ጉዳይ ማህበራዊ ነው ወይስ ፖለቲካዊ? ዘመድ መጠየቁ፣ ከጎረቤት ጋር ማዕድ መቋደሱ ማህበራዊ ነው። ሠራተኛው በዕለቱ ከሥራ እንዲያርፍ፣ ተማሪውም ትምህርት እንዳያመልጠው የሚያደርገው ግን ሕግ ነው። እንግዲህ ማህበረ ፖለቲካዊ ማለት ይኸው ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ሁለቱን አንድ ላይ ጠይቋል። «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ መሬት የመያዝ መብት ይኑረን፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚሉ ጥያቄዎች ቀርበዋል። ክርስቲያን ወገኖችም በሰልፉ ተካፍለዋል፤ የአገር ጥያቄ መሆኑን ተረድተው ነበርና።

በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሃ (ዐረፋ) እና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደነገገ።

ውድ አድማጮቻችን! ሕግ በአዋጅ ይሻራል፤ የአንደበት ልማድ ግን በአዋጅ አይሻርም። ሕጉን የማስከበሩ ኃላፊነት የመንግሥት ነው። ጎረቤታችንን «የአገሬ ሰው» ብሎ የመጥራቱ ኃላፊነት ግን የእያንዳንዳችን ነው። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይቆምም።