ቃሬዛው ከመነሳቱ በፊት፦ የእናቶች ማቆያ ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ዛሬ ስለ ወሊድ ዝግጅት የማወራችሁ በታሪክ በኩል ነው።

በአገራችን ለወሊድ መዘጋጀት አዲስ ነገር አይደለም። የገንፎው እህል ይፈጫል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ምጥ ሲጀምር ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል። ነገር ግን ምጡ ቢጠና፣ ደሙ አልቆም ቢል ምን እንደሚደረግ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አይታሰብም ነበር። ቃሬዛ የሚፈለገው ችግሩ ከመጣ በኋላ ነው። ከገጠር ሐኪም ቤት ለመድረስ ደግሞ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጡት ዶ/ር ካትሪን እና ዶ/ር ሬጅናልድ ሃምሊን የዚህን መዘግየት ጉዳት በብዙ ሴቶች ላይ አዩ፦ ለቀናት በቆየ ምጥ የሚመጣ ፊስቱላ። የፊስቱላ ሆስፒታል መሥርተውም ብዙዎችን ፈወሱ። ቀዶ ሕክምናው ግን የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ሌላ መንገድ ያዘ። አደጋ ያሰጋቸው ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው መጥተው በግቢው ውስጥ እንዲቆዩ አደረገ። ይህ ነው «የእናቶች ማቆያ» የምንለው። ቀላል ቤት ነው፤ ሐኪሙ ግን ደቂቃዎች ብቻ ይርቃል።

ውጤቱ ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) በነበሩት 22 ዓመታት መዝገብ ተጠንቷል። በቀጥታ ከመጡት እናቶች መካከል ሞት ከ100,000 ወሊድ ወደ 1,333 ሲደርስ፣ በማቆያው ካለፉት ግን ወደ 90 ነበር። ሞተው የተወለዱ ሕፃናትም ከ1,000 ወደ 191 እና 18 ነበሩ። ልዩነቱን ሁሉ ቤቱ አመጣው ማለት አይደለም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ የደረሱት ችግሩ ከጠናባቸው በኋላ ነውና። ትምህርቱም እዚሁ ላይ ነው፦ ሰዓት ሕይወት ነው።

ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ አለ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በጤና ተቋም የሚወለዱት ከ100 ሕፃናት 5 ገደማ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ግማሽ ያህሉ ግን በዚያ ዓመትም ገና ቤት ነበር የሚወለዱት።

ስለዚህ ከ9ኛው ወር በፊት ቤተሰብ ተቀምጦ ይወስን፦

✅ የት ነው የምትወልደው? ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ማቆያ አለ ወይ?
✅ በሌሊት ማን መኪና ያመጣል? ስልኩ ተይዟል?
✅ ገንዘብ ተቀምጧል? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል?
✅ አብሯት የሚሄደው ማን ነው? ቤት የሚቀሩትን ልጆችስ ማን ይይዛል?

⚠️ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይመጣ ፈሳሽ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ገንፎውም ይዘጋጅ፣ ጸሎቱም ይቀጥል። መኪናው ግን አስቀድሞ ይታሰብ። ለወላድ ቤተሰብ ሁሉ ሼር አድርጉላቸው። ማርያም በሽልም ታውጣችሁ!