የዳታ ሎገር ሞደም የኢንተርኔት ግንኙነት ሙከራ

የዳታ ሎገር ሞደም የኢንተርኔት ግንኙነት ሙከራ፣ ከሰው ርቆ የተተከለ መመዝገቢያ መሣሪያ የለካውን መረጃ በሞባይል መረብ አማካይነት ወደ ማዕከሉ ማድረስ መቻሉ የሚረጋገጥበት ሥራ ነው። ዳታ ሎገር ከሴንሰሮች የሚመጣውን ልኬት፣ ለምሳሌ ሙቀትን፣ ዝናብን ወይም የመሬት ንዝረትን፣ በተወሰነ የጊዜ ልዩነት እየመዘገበ የሚያስቀምጥ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ሞደሙ ሲም ካርድ ይዞ እንደ ማንኛውም የእጅ ስልክ ከመረቡ ጋር ያገናኘዋል።

መነሻ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1957–58 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመ ነው። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን ነበሩ። ከተማዋ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆኗ ቦታውን ተፈላጊ አድርጎታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሬት ንዝረት የሚመዘገበው በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ነበር። መሣሪያውና አንባቢው በአንድ ግቢ ስለነበሩ መረጃ መላክ የሚባል ጣጣ አልነበረም።

ጣጣው የመጣው መሣሪያው መሬት ወደሚንቀሳቀስበት ሥፍራ ሲወጣ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ከተከሰተ በኋላ ተመራማሪዎች በዚያ ጊዜያዊ ጣቢያዎች ተክለዋል። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች መረጃውን እዚያው ሲያከማቹ፣ ለመሰብሰብ በረሃ ድረስ መጓዝ ግድ ይላል። በመካከል ሥራ ያቆመ ጣቢያ መቆሙ የሚታወቀውም ሰው ሲደርስበት ብቻ ነው፤ ያለፈው ንዝረት ደግሞ ተመልሶ አይለካም። ሞደም የሚገጠመው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው።

የሙከራው ሂደት

ሙከራው ከመሣሪያው አቅራቢያ ይጀምራል። ሞደሙ «ኤቲ» የሚል ትእዛዝ ሲላክለት «ኦኬ» ብሎ ከመለሰ ከሎገሩ ጋር ተግባብቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የሲግናል ጥንካሬ ይጠየቃል። መልሱ ከ0 እስከ 31 ያለ ቁጥር ነው፤ 0 ማለት −113 ዲቢኤም ወይም ከዚያ በታች፣ 31 ማለት −51 ዲቢኤም ወይም ከዚያ በላይ ነው። 99 ከመጣ ሞደሙ ሲግናሉን ማወቅ አልቻለም። ከዚያ ሲም ካርዱ በመረቡ ላይ መመዝገቡ ይታያል፦ 1 ተመዝግቧል፣ 2 እየፈለገ ነው፣ 3 ተከልክሏል፣ 5 በእንግድነት በሌላ መረብ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሚቀጥለው ደረጃ፣ በኤፒኤን ላይ ነው። ኤፒኤን ሞደሙ ከስልክ መረቡ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር ስም ነው። በኢትዮ ቴሌኮም መረብ ሲሠራበት የኖረው «ኢቲሲ ዶት ኮም» ሲሆን፣ የቀድሞውን የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ምሕጻረ ቃል የያዘ ነው። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት የለም።

በሩ ሲከፈት ሞደሙ የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ የመረቡ የውስጥ አድራሻ ስለሆነ ከማዕከሉ ተነሥቶ ሎገሩን መጥራት አይቻልም፤ ሎገሩ ራሱ መደወል አለበት።

ፒንግ፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፣ ጥቂት ባይቶችን ልኮ መልስ የሚጠብቅ ፈጣን ሙከራ ነው። በቁጥር እየመለሰ በስም ካልመለሰ ችግሩ የዲኤንኤስ ነው። ሆኖም በፒንግ ብቻ መተማመን አይገባም። ፒንግን የሚዘጉ መረቦች ላይ መረጃው ያልፋል፤ ፒንግ የሚመልስ መስመር ደግሞ ትልቅ ፋይል ሲጫንበት ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ሙከራ የታወቀ መጠን ያለው ፋይል ልኮ በማዕከሉ ሰርቨር ላይ ሳይጎድል መድረሱን ማየት ነው።

ከቢሮ ወደ መስክ

አራት ኪሎ ላይ ያለፈ ሙከራ ለፈንታሌ ዋስትና አይሆንም። በከተማ የቴሌ ማማ ቅርብ ነው፣ ኃይሉም ከመብራት መስመር ይመጣል። በመስክ ግን ኃይል የሚሰጠው በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ሞደም በሚልክበት ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ሊስብ ይችላል፤ ያረጀ ባትሪ ያን ጊዜ ቮልቴጁ ወርዶ ሞደሙን ያጠፋዋል። ምልክቱ የመረብ ችግር ስለሚመስል አንቴና በከንቱ ይቀየራል።

ሰዓትም መፈተሽ አለበት። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 5፡28 የተከሰተው ሬክተር 6.0 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ በዓለም አቀፍ ሰዓት 20፡28 ላይ ነው የሚጻፈው። ሎገሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ብቻ ካልሠራ የሁለት ጣቢያዎችን መዝገብ ማስተያየት አይቻልም።

መረብ ሲቋረጥ

በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እንደታየው የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሎገሩ እያከማቸ ቆይቶ መስመሩ ሲመለስ ውዝፉን መላክ ይኖርበታል። በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ የዝናብ መለኪያ በቀን 96 መዝገብ ብቻ ስላለው የሳምንት ውዝፉን በአፍታ ይጨርሳል። በሦስት አቅጣጫ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚለካ የንዝረት መሣሪያ ግን፣ እያንዳንዱ ልኬት 4 ባይት ከሆነ፣ ሳይጨመቅ በቀን 104 ሜጋባይት ያህል ይሰበስባል፤ የሳምንቱ ውዝፍ ከ700 ሜጋባይት ይበልጣል። ይህን ለመፈተን ሞደሙ ጠፍቶ ሲም ካርዱ ይወጣል፣ ሎገሩ ለጥቂት ሰዓታት እንዲመዘግብ ይተዋል፣ ካርዱ ከተመለሰ በኋላ በሰርቨሩ ላይ የጎደለ ደቂቃ መኖር አለመኖሩ ይቆጠራል።