ባዶ ፒክ አፕ ለምን ያንገጫግጫል? የባሌስትራ አጭር ታሪክ

የጋማ ከብት ጭነቱ ሲወርድለት እርምጃው ይቀላል፤ በላዩ የሚቀመጠውም ሰው ይመቸዋል። ፒክ አፕ የሚባለው ትንሽ የጭነት መኪና ግን ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጭነቱን ሲይዝ ረጋ ብሎ ይሄዳል፤ ካሶኒው ባዶ ሲሆን ግን በየጉድጓዱ እየዘለለ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ያንገጫግጨዋል። በአገራችን ገጠር ፒክ አፕ እህልና ሲሚንቶ ብቻ ሳይሆን በሽተኛንና ምጥ የያዛትን እናት ጭምር ወደ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ፣ ምክንያቱን ከታሪኩ ጋር አያይዘን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መካኒኮቻችን ባሌስትራ የሚሉት፣ ረዣዥም የብረት ዝርጎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው የሚሠራው ደጋን መሳይ ዕቃ ነው። ቃሉ የጣሊያንኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የጥንት ወታደር ይታጠቀው ለነበረ የቀስት ዓይነትም መጠሪያ ነው። ባሌስትራ ከመኪና በፊት በፈረስ ሠረገላ ላይ ይሠራ ነበር። በ1804 ዓ.ም ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ ሠረገላ ሠሪ፣ ሁለት ደጋኖችን ፊት ለፊት አጋጥሞ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ባሌስትራ ሠራ፤ ለዚህም የፈጠራ መብት ተሰጠው። በዚህ ዘዴ ሠረገላው ቀለለ፤ ተሳፋሪውም ዕረፍት አገኘ።

የባሌስትራ ሕግ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ታውቆ ነበር። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1678 ዓ.ም ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሞላ የሚለጠጠው ወይም የሚታመቀው በተጫነው ኃይል ልክ መሆኑን ገልጧል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መታመቁም እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የባዶው ፒክ አፕ ችግር ከዚህ ሕግ የሚመነጭ ስለሆነ በምሳሌ እንመልከተው።

የአንድ ፒክ አፕ የኋላ ባሌስትራዎች መኪናው ባዶ ሳለ 500 ኪሎ ይሸከማሉ እንበል። 1000 ኪሎ እህል ሲጨመር 1500 ኪሎ ይሆናል። በሙሉ ጭነት 18 ሳንቲ ሜትር የሚታመቅ ባሌስትራ፣ ባዶውን ሲሆን የሚታመቀው 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን ስሌት መሠረት፣ የተጫነው መኪና በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ሲል ባዶው ግን 120 ጊዜ ያህል ይንጣል። መሐንዲሶች ለሰው አካል ይስማማል የሚሉት በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ጊዜ የሚደርሰውን ነው። ከዚህም በላይ የባሌስትራው ብረቶች እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ። ጭነት ሲኖር ይህ ፍትጊያ ከክብደቱ አንጻር ጥቂት ነው፤ ባዶ ሲሆን ግን ትንሹ ጠጠር ብረቶቹን ሊያንሸራትት ስለማይችል ምቱ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ያልፋል። ጎማውም ከመሬት እየተነሳ ስለሚዘል፣ በጠመዝማዛ መንገድና በፍሬን ጊዜ መኪናው ወደ ጎን ሊንሸራተት ይችላል።

ከብረቱ ሌላ ጎማም የራሱን እርዳታ አበርክቷል። በአየር የሚሞላ ጎማ መጀመሪያ የታሰበው በስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን ሲሆን ዘመኑም 1845 ዓ.ም ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ተረስቶ ቆይቶ በ1888 ዓ.ም ጆን ዳንሎፕ በቤልፋስት ከተማ እንደገና አስነሣው።

ፎርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1925 ዓ.ም ከፋብሪካ የወጣ ፒክ አፕ በ281 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ገዢዎቹም በብዛት ገበሬዎችና ነጋዴዎች ስለነበሩ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ጭነት መቻሉ ነበር። ጠንካራው ባሌስትራ ርካሽ ነው፤ ለጥገና አያስቸግርም፤ የኋላውንም አክስል በቦታው አጽንቶ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ብዙ ፒክ አፖች እስከ ዛሬ ከኋላቸው ባሌስትራ ተሸክመው ይሄዳሉ።

ሆኖም መፍትሔ ፈላጊዎች አልጠፉም። የፈረንሳዩ ሲትሮይን በ1948 ዓ.ም ለሕዝብ ያሳየው ትንሽ መኪና ሲታቀድ፣ የታረሰ ማሳ ሲያቋርጥ በቅርጫት ያለ እንቁላል እንዳይሰብር ታዝዞ ነበር። ይኸው ኩባንያ በ1955 ዓ.ም ባወጣው ዲ ኤስ መኪና፣ በብረት ፈንታ ጋዝና ዘይት ስለተሠራባቸው፣ ጭነት ቢጨመርም ቢቀነስም የመኪናው ከፍታ አይለወጥም። በአሜሪካ ሼቭሮሌት በ1960 ዓ.ም ፒክ አፖቹ፣ ራም ደግሞ በ2009 ዓ.ም ሞዴሉ ከኋላ በባሌስትራ ፈንታ ጥምዝ ሞላ አደረጉ። ሌሎች ሠሪዎች ደግሞ ዋናውን ባሌስትራ አለስልሰው፣ ጭነት ሲመጣ ብቻ የሚነካ አጭር ረዳት ባሌስትራ አከሉበት። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ ትንሹ ረዳት ለትልቁ ድጋፍ ሆነው።

አዲስ መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ባለንብረት ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ይመልከት። ብዙ ሠሪዎች ለባዶና ለሙሉ ጭነት የሚገባውን ልክ ለየብቻ ጽፈው በመኪናው በር አጠገብ ይለጥፋሉ። ለጭነት የተሞላ ንፋስ በባዶ ጊዜ ጎማውን እንደ ድንጋይ ያደርገዋል፤ ከተጻፈው በታች ማውረድ ግን ጎማውን አግሎ ያፈነዳል። ሁለተኛ፣ በባሌስትራው ብረቶች መካከል የገባውን ዝገትና ጭቃ ያስጠርግ። ሦስተኛ፣ ንጠቱን የሚያበርደው አሞርቲዛተር ደክሞ እንደሆነ ያስለውጥ። አራተኛ፣ በአሸዋ የተሞሉ ጥቂት ጆንያዎች በኋላ ጎማዎች አካባቢ አጥብቆ ቢያስር ንጠቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቤንዚኑን ይጨምራል፤ ክብደቱም ከመኪናው የጭነት ልክ ላይ የሚታሰብ ነው።

አንዳንዶች መኪናው እንዲለሰልስ ከባሌስትራው አንድ ብረት ያስወጣሉ። ይህን አንደግፍም። ዛሬ ባዶ የሄደ መኪና ነገ ገበያ ሲሄድ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ የቀረውም ብረት መንገድ ላይ ሊሰበር ይችላል።

በሽተኛ በሚጓዝበት ጊዜ ደግሞ አንድ ወጪ የሌለው መድኃኒት አለ። ከመኪናው ክፍል ሁሉ ይበልጥ የሚነሣው ከኋላ ጎማዎች በላይና ከዚያ ወዲያ ያለው ስለሆነ፣ በሽተኛው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ባለው ስፍራ፣ ቢቻል በጋቢናው ውስጥ ይሁን፤ ሾፌሩም ቀስ ብሎ ይንዳ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ከ200 ዓመት በላይ ሲደከምበት የኖረው ጥያቄ ባዶውንና ሙሉውን እኩል የሚያገለግል አንድ ምንጣሮ የሌለው ባሌስትራ ማግኘት እንደሆነ ነው። መልሱ በከፊል ተገኝቷል፤ ዋጋው ግን ለገጠሩ ሰው ገና አልቀለለም። ከመካከላችን ነገ ወደ ምሕንድስና ትምህርት የሚገቡ ጓደኞቻችን ይህን ሥራ እንዲያስቡበት አደራ እንላለን፤ ምክንያቱም የእኛ አገር ፒክ አፕ ጠዋት እህል፣ ማታ በሽተኛ የሚጭን ነውና።