የምት ምጣኔ

የምት ምጣኔ በተግባራዊ የሽጉጥ ተኩስ ውድድር «ሂት ፋክተር» ለሚባለው መለኪያ የቀረበ የአማርኛ ስያሜ ነው። ተኳሹ ዒላማውን መትቶ ያገኘው ነጥብ ቅጣት ካለ ተቀንሶበት በፈጀው ሰከንድ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ የተሰበሰበው ነጥብ፣ የምት ምጣኔው ይባላል። «ምጣኔ» የሚለው ቃል እንደ ልደት ምጣኔና ሞት ምጣኔ ሁሉ አንዱን መጠን በሌላው ይለካል፤ «የምት ነጥብ» ቢባል ግን ጊዜው ተዘንግቶ ይቀር ነበር።

መለኪያው የሚሠራበት ትልቁ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን (ኢፕሲክ) ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበር። የጊዜ አያያዙ ከኦሊምፒክ ይለያል፤ በኦሊምፒኩ የ25 ሜትር ፈጣን ሽጉጥ ውድድር አምስት ጥይት በ8፣ በ6 እና በ4 ሰከንድ ይተኮሳል፤ ከገደቡ ቀድሞ የጨረሰ ግን ስለቀደመ ብቻ ነጥብ አይጨመርለትም። በኢፕሲክ ግን እያንዳንዱ የሰከንድ ክፋይ ይቆጠራል።

የካርቶን ዒላማው በሦስት ቀጠና የተከፈለ ነው። መሀሉን፣ «ኤ» የሚባለውን፣ የመታ ጥይት 5 ነጥብ ያስገኛል። አነስተኛ ኃይል ባለው ጥይት ሲተኮስ «ሲ» 3፣ «ዲ» ደግሞ 1 ነጥብ ያስገኛሉ፤ ኃይለኛ ጥይት የሚጠቀም ተወዳዳሪ በእነዚህ በሁለቱ ቀጠናዎች 4 እና 2 ያገኛል። ዒላማውን የሳተ ጥይት 10 ነጥብ ያስቀንሳል። ጊዜውን የሚይዘው የተኩስ ሰዓት ነው፤ መሣሪያው የማስጀመሪያውን ድምፅ ያሰማና የእያንዳንዱን ተኩስ ድምፅ እየሰማ እስከ ሰከንድ መቶኛ ይመዘግባል።

በስድስት ጥይት ልምምድ፣ በአነስተኛ ኃይል ጥይት፣ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። ስድስቱንም መሀል በ3.00 ሰከንድ የመታ 30 ነጥብ አግኝቶ ምጣኔው 10 ይሆናል። አራት «ኤ» እና ሁለት «ሲ» በ2.50 ሰከንድ ያስመዘገበ በ26 ነጥብ 10.4 ላይ ይደርስና ይበልጠዋል። በ2.00 ሰከንድ ጨርሶ አምስት «ኤ» የመታ፣ አንዱን ግን የሳተ፣ 15 ነጥብ ብቻ ይቀርለታል፤ ምጣኔው ወደ 7.5 ይወርዳል። ትንሽ መዛነፍ በፍጥነት ሊካስ ይችላል፤ ጨርሶ መሳትን ግን ግማሽ ሰከንድም ሙሉ ሰከንድም አልካሰውም።

የመለኪያው ትልቁ ጥቅም ማሸነፍን ከመወሰኑ ይልቅ ተኳሹ ለማነጣጠር ምን ያህል ጊዜ መስጠት እንደሚገባው ማሳወቁ ነው። ምጣኔው 10 አካባቢ በሆነበት ልምምድ አንድ ነጥብ የ0.1 ሰከንድ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ በአነስተኛ ኃይል ጥይት «ሲ»ን ወደ «ኤ» ለመለወጥ ከ0.2 ሰከንድ በላይ መዘግየት ኪሳራ ነው። ዒላማው ርቆ ወይም በከፊል ተሸፍኖ ምጣኔው 4 ላይ ሲሆን ግን ለዚያው ልዩነት እስከ ግማሽ ሰከንድ መቆየት ያዋጣል። በቅርብ መፍጠን፣ በሩቅ መታገሥ የሚባለው ምክር በዚህ መንገድ በቁጥር የሚፈተሽ ይሆናል። ከካርቶን ዒላማ ላይ ነጥቡን፣ ከሰዓቱ ላይ ጊዜውን አብሮ የማይመዘግብ ልምምድ ይህን ትምህርት ያጣል።

የአንዱ ልምምድ ምጣኔ ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። ቅርብ ዒላማ ላይ የተገኘ 9 ብዙ መሮጥ በሚጠይቅ የተኩስ መስመር (የውድድሩ አንድ ክፍል) ላይ ከተገኘ 5 ይበልጣል ማለት አይቻልም። ውድድር ላይም በየመስመሩ ከፍተኛውን ምጣኔ ያገኘው የመስመሩን ሙሉ ነጥብ ይወስዳል፤ ሌሎቹ ምጣኔያቸው ከእርሱ ጋር ባለው መቶኛ መጠን ይሰጣቸዋል።

ፍጥነቱ ከደኅንነት ደንብ በላይ አይደለም። አፈሙዙ ከተፈቀደው አቅጣጫ ከወጣ፣ ወይም ተኳሹ ሳይተኩስ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ጣቱ ቃታ መከለያው ውስጥ ከተገኘ፣ ምጣኔው ምንም ያህል ከፍ ቢል ከውድድሩ ይሰረዛል።